ከተማው ሁሉ የሰማው ፊሽካ

ኮርፖራል ኢሳካ የሞተው ፊሽካውን በጥርሱ ነክሶ ነው።

ማክሰኞ ማለዳ ጨው ሊያፍሱ የወጡ ሴቶች ዓሣ ከሚታጠንባቸው ዳሶች ጀርባ በደረቱ ተደፍቶ አገኙት። ኢንስፔክተር አምፖፎ ሲደርስ አሸዋው ላይ ረጅም የመጎተት ፈለግ ተመለከተ። ማንም አልጎተተውም። ሰውየው በክርኑ እየዳኸ ነው ከባሕሩ ዳር እዚህ ድረስ የመጣው። ከግራ ጆሮው በላይ ራሱ ተፈንክቷል፤ ቁስሉ ረጅምና ቀጭን ነው፤ በዱላ የተመታ አይመስልም።

የሐኪም ረዳቱ ከጎኑ ተንበርክኮ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

"ወዲያው አልሞተም፣ ጌታዬ። ደሙን አይተውት የለ? ቆይቷል። ያኔ የደረሰለት ሰው ቢኖር ምናልባት…"

አምፖፎም ቃሉን እንዲጨርስ አልጠየቀውም።

ከዳሶቹ ወዲያ የኤሳክዋ ከተማ ሰው ተሰብስቦ ያያል። የሚያለቅስ የለም። ኢሳካ ከሰሜን የመጣ፣ ቋንቋቸውን እየተንተባተበ የሚናገር መጻተኛ ነበር፤ በዚያ ላይ የሌሊት ጫጫታ ደንብ ከወጣ ወዲህ ከበሮ እየነጠቀ ጣቢያ የሚከምረው እሱ ነው። ደንቡ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ከበሮ፣ ቀንድ፣ ደወልና ዘፈን ይከለክላል። ፈቃድ የፈለገ ሦስት ቀን አስቀድሞ ቢሮ ያመልክት ይላል። ልጆች ኢሳካን "ጆሮ" ብለው ነበር የሚጠሩት። "ጆሮ መጣ!" ሲባል ሠርግ ቤቱ እንደ መቃብር ጭጭ ይል ነበር።

አምፖፎ የሟቹን ቀበቶ ሲፈታ አንዲት አጭር እንጨት ወደቀች። ጫፏ ተቀጥቅጧል።

"የከበሮ መምቻ ናት!" አለ አብሮት የመጣው ኮንስታብል። "ጌታዬ፣ የከበሮ መቺው የኮቢና ሥራ ነው። ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?"

አምፖፎ እንጨቷን ኪሱ ከተታት። ሌሊቱን የሰማው ፊሽካ ትዝ አለው። ረዘም፣ ከዚያ አጠር፣ ከዚያ ደከም ያለ። ጆሮ ደግሞ የማንን ከበሮ ሊነጥቅ ነው ብሎ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቶ ነበር።

*

ነጩ የአውራጃ ኮሚሽነር ሚስተር ፔልሃም ቤቱ ከኮረብታው ላይ ነው፤ መስኮቱ ታንኳዎቹ የሚያርፉበትን ዳርቻ ቁልቁል ያያል። ሚስቱ ከታመመች ከርማለች። እሱም ዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

"ትናንት ሌሊትም እንቅልፍ አልነበረም" አለ ፔልሃም ወንበር ሳይሰጠው። "መጀመሪያ ያ ቅጭልጭል፣ ቀጥሎ ፊሽካው። ይኸውና በጠዋት ሬሳ። ይህ ከበሮ መቺ፣ ታዊያ የምትሉት፣ በሕዝብ ፊት ዝቶበት የለም?"

"ዝቷል፣ ጌታዬ። ከበሮውን ኢሳካ በቢላ የቀደደበት ዕለት።"

"ምን ነበር ያለው?"

"ቆዳህን ገፍፌ በእሱ ምትክ እወጥረዋለሁ ነው ያለው።"

"ታዲያ ምን ቀረህ?"

"የነበረበትን ማጣራት ይቀረኛል።"

"አጣራ። ግን እሱ እስር ቤት ገብቶ አጣራ።"

*

ኮቢና ታዊያ ትከሻው ሰፊ፣ አፉ ፈጣን ሰው ነው። በካቴና ተቀምጦ እንኳ ጣቶቹ ጉልበቱን ይመታሉ።

"ዝቻለሁ፤ አልክድም" አለ። "እኔ የዛትኩበት ሁሉ ቢሞት ኖሮ ግን ይህ ከተማ ባዶ ይሆን ነበር።"

"ሰኞ ሌሊት የት ነበርክ?"

"ከኩሬው ማዶ። አሮጊቷ ጨው ነጋዴ ሞታ ለቅሶ ነበር።"

"ምን ስታደርግ?"

ኮቢና ጣቶቹን ከጉልበቱ አነሣ። ከዚያ ሳቀ።

"ስጸልይ ልበልህ? ከበሮ ስመታ ነበር እንጂ! ጀንበር ከጠለቀች ጀምሮ ዶሮ እስኪጮህ።"

"ያለ ፈቃድ?"

"ሟቿ መች እንደምትሞት ሦስት ቀን አስቀድማ መቼ ነገረችን? ስማኝ ኢንስፔክተር፣ ሰው ገደልክ ከምባል ከበሮ መታህ ብባል ይሻለኛል። ጻፈው። መንደሩን ሁሉ ጠይቅ።"

በሩ ላይ እናቱ ቆማ ነበር፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች ሴት፣ በቅጠል የተጠቀለለ ዶኮኖ፣ የበቆሎ ሙልሙል፣ በቅርጫት ይዛ። አምፖፎ ሲወጣ ዓይን ዓይኑን አየችው።

"ልጄን ትፈታዋለህ?"

"እውነቱን ካገኘሁ፣ እናቴ።"

"እውነቱን ነግሮሃል" አለችና ቅርጫቱን ለዘበኛው ሰጠች።

*

ከኩሬው ማዶ ያለው መንደር ሽማግሌ አምፖፎን በክብር ተቀበሉት። ጨርቅ የለበሰ ክብ መቀመጫ ላይ ተቀምጠዋል።

"ለቅሶ ነበር፤ አዎ። ከበሮ ግን? እኛ ዘንድ? ኧረ በፈጠረህ! በእንባ ብቻ ነው የቀበርናት።"

"ኮቢና ታዊያ አልመጣም?"

"ኮቢና? የትኛው ኮቢና? ማክሰኞ የተወለደ ሁሉ ኮቢና ነው፤ ደርዘን ኮቢና አለን።"

"ከበሮ መቺው።"

"እ… ከበሮ መቺ የሚባል አናውቅም።"

"አባቴ፣ የተቀመጡበት ከበሮ ነው።"

ሽማግሌው ጨርቁን ወደ ታች ሳብ አድርገው እግሩን ሸፈኑት።

"በርጩማ ነው" አሉ። ቀስ ብለውም፣ "ልጄ፣ ባለፈው ወር የኔን የወንድም ልጅ ቀንድ ነፋህ ብላችሁ መንገድ አስቆፈራችሁት። ወገቡ እስካሁን አልቀናም። አሁን መጥተህ ከበሮ መታችሁ ወይ ትለኛለህ። ምን እንድልህ ነው?"

"ሰው ሊሰቀል ነው።"

"እናንተ ሰቃዮች፣ እናንተ ጠያቂዎች" አሉ ሽማግሌው። "እኛ ተኝተን ነበር።"

*

ሁለት ቀን ሙሉ ቤት ለቤት ዞረ። በኤሳክዋ ፊሽካውን ያልሰማ የለም።

"ሰማሁ፤ መብራቴን እፍ አልኩ" አለ ልብስ ሰፊው።

"ሰማሁ፤ ሕፃኑ ሊያለቅስ ሲል አፉን ያዝኩት" አለች ዘይት ነጋዴዋ። "ልቅሶም በደንቡ ውስጥ አለ ወይ የለም፣ ማን ያውቃል?"

"እኔማ አልጋ ሥር ገባሁ" አለ አንድ ሰካራም። "ዘፍኜ እንደሆነ ራሴም አላስታውስም ነበር።"

"ሰውየው እርዱኝ እያለ ነበር" አለ አምፖፎ።

ሁሉም ይህን ሲሰሙ መሬት መሬት ያያሉ። ፊሽካ ሲነፋ መደበቅ እንጂ መውጣት የተማረ አልነበረም። አምፖፎ ሊቆጣቸው አፉን ይከፍታል፤ እሱም ያን ሌሊት ወደ ግድግዳው ዞሮ መተኛቱ ትዝ ይለውና መልሶ ይዘጋዋል።

ከዳሶቹ አጠገብ የኤፉዋ ግቢ ነው። ኤፉዋ የታወቀች ዓሣ አጣኝ ናት። ግቢው በለቅሶተኛ ተሞልቷል፤ እሷ ጸጉሯን ተላጭታ መሬት ተቀምጣለች። ሁለት ወንዶች ልጆቿን ባሕር በልቷቸው ኖሯል።

"መች ነው?" ብሎ ጎረቤቷን በሹክሹክታ ጠየቀ።

"ማክሰኞ፣ ጌታዬ" አለች ጎረቤቲቱ ቶሎ ብላ። "ማክሰኞ ረፋድ ወጡ፤ አልተመለሱም። ታንኳዋ ተሰባብራ መጣች።"

አምፖፎ በርከክ ብሎ አጽናናት። ከዚያም ግዴታው ነውና፦

"እናቴ፣ ሰኞ ሌሊት ፊሽካ ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ከዚያስ?"

ኤፉዋ ደረቅ ዓይኗን አነሣች። "ከዚያማ ዝም አለ" አለች። "ሁሉም ዝም አለ።"

ለቅሶተኞቹ ዜማቸውን ከፍ አደረጉት። አምፖፎ አፍሮ ወጣ።

*

"የእስረኛ መኪናው ሲመጣ ወደ ዋናው ከተማ እንድልከው ታዝዣለሁ" አላት ለሚስቱ፣ ምሳ ቀርቦለት ሳይነካው። "ዝቷል፤ የነበረበትን የሚመሰክርለት የለም፤ መምቻውም ሟቹ ቀበቶ ውስጥ ተገኝቷል።"

አጆዋ የኤሳክዋ ልጅ ናት። የተጠበሰውን ዓሣ እየፈለፈለች አትበላም።

"ሌላስ ምን አገኘህ?"

"ምንም። ያቺ ምስኪን ኤፉዋ ደግሞ ማክሰኞ ዕለት ሁለት ልጆቿን…"

"መች?"

"ማክሰኞ።"

አጆዋ እጇን ከሳህኑ አነሣች።

"አይ ከመሐል አገር የመጣ የካካዎ ሰው!" አለች። "አራት ዓመት ከባሕር ጋር ኖረህ! ማክሰኞ ማን ባሕር ይወጣል? ማክሰኞ ባሕሩ የራሱ ነው። መረብ ይጠገናል እንጂ ታንኳ አይነካም። የማይፈራ ሰው ቢኖር እንኳ ሽማግሎቹ መቅዘፊያውን ይሰብሩበታል።"

አምፖፎ ሳህኑን ገፋ አደረገ። "ታዲያ የወጡት ሰኞ ነው።"

"ሰኞ ወጡ። ሰኞ ሌሊት ነው የሚመለሱት።"

"ታውቂ ነበር?"

"ሁሉም ያውቃል።"

"እኔ ባልሽ አይደለሁም?"

"ፖሊስም ነህ። ሁለቱም የሚሰሙት በአንድ ጆሮ ነው" አለች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። "አልነግርህም ብዬ ነበር። የኮቢናን እናት ገበያ አገኘኋት። ሰላም አለችኝ። ሰላም ባትለኝ ይሻለኝ ነበር።"

አምፖፎ ተነሥቶ እንጨቷን ከኪሱ አወጣ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ በደንብ አላያትም ነበር። የከበሮ መምቻ ጫፍ ቆዳ እየነካ ይለሰልሳል፤ የዚች ጫፍ ግን ተሰነጣጥቋል፤ በስንጥቁም ውስጥ ዝገት ገብቷል። ብረት ስትመታ የኖረች እንጨት ናት።

"የደወል ናት" አለች አጆዋ ከትከሻው በላይ አይታ። "ታንኳ ሲመሽበት ዳርቻው ላይ የሚመታ ደወል አለ። በድምፁ ነው በዓለቶቹ መሐል ያለውን በር የሚያገኙት።"

*

ኤፉዋን ከለቅሶተኞቹ ለይቶ ወደ ዳርቻው ወሰዳት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እንጨቷን ሲያሳያት ተቀብላ አገላበጠቻት።

"የባሌ እናት የጠረበቻት ናት" አለች። "ብትቆይም ትመጣለህ ብዬ ነበር።"

"ንገሪኝ፣ እናቴ።"

"ምን እነግርሃለሁ? መሸ፤ ባሕሩ ከፋ። ቀን ቢሮ ሄጄ ልጆቼ ሊመሽባቸው ይችላል፣ ደወል ልምታ ብያቸው ነበር። ሦስት ቀን አስቀድመሽ አመልክቺ አሉኝ። ባሕሩ መች እንደሚከፋ ሦስት ቀን አስቀድሞ የሚነግራቸው ካለ ያምጡት።" ተነፈሰች። "መታሁት። ኢሳካ መጣ። ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ እውነቱን ልንገርህ። 'እማማ ተይ፣ ነጩ ሰው ይሰማል፣ እንጀራዬን ታስቆርጪኛለሽ' አለኝ። ልጆቼ እዚያ ናቸው አልኩት። መምቻውን ወሰደብኝ። ደወሉን በድንጋይ መታሁት። እሱንም ነጥቆ መሄድ ጀመረ።"

"ከዚያ?"

"ከዚያ ከባሕር ሲጠሩኝ ሰማሁ። ትልቁ ነው የጠራኝ። 'እማዬ፣ በየት በኩል?' ነው ያለኝ።"

አምፖፎ ወደ ዓለቶቹ አየ። ማዕበሉ እየተሰበረ ነጭ አረፋ ይተፋል።

"መቅዘፊያ አጠገቤ ነበር። ተከትዬ ኢሳካን በጠርዙ መታሁት። ደወሉን አነሣሁና መታሁ፣ መታሁ፣ እጄ እስኪደማ መታሁ። የሚመልስ ድምፅ ግን አልነበረም። እሱ ከኋላዬ ፊሽካውን ይነፋል። ሰው ይመጣል ብዬ ነበር። ሰው ቢመጣ ለእሱም ይደርስለታል፤ ለልጆቼም ታንኳ ይወጣ ነበር። ማንም አልመጣም። ደወሉን ባሕር ውስጥ ጣልኩት።"

እጆቿን አቀናጅታ ዘረጋችለት። መዳፎቿ ቆስለዋል።

"ያ የሰው ልጅ በኔ አይታሰር። ውሰደኝ።"

*

ፔልሃም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጥ ሰማ። አምፖፎ በትርጉም፣ ኤፉዋ በገዛ ቋንቋዋ፣ እንጨቷ ጠረጴዛው ላይ። ሲጨርሱ ኮሚሽነሩ ወደ መስኮቱ ሄደ።

"ልጆቿ የሞቱባት ሴት ናት" አለ። "አእምሮዋ ተናውጧል። ወደ ቤቷ አድርሳት።"

"ቁስሉ የመቅዘፊያ ነው፣ ጌታዬ። የሐኪም ረዳቱ አረጋግጧል። ደወሉንም እርስዎ ሰምተዋል።"

"እኔ?"

"ቅጭልጭል ብለውኛል። እንቅልፍ አልነበረም ብለውኛል።"

ፔልሃም ዘወር አለ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር፤ አምፖፎን ያስደነገጠውም ያ ነው።

"ምንም አልሰማሁም" አለ ቀስ ብሎ። "ተኝቼ ነበር።"

"ጌታዬ…"

"ይህች ሴት ፍርድ ቤት ብትቆም ለምን ደወል መታሽ ይሏታል። ለምን ከለከላት ይባላል። ማን አዘዘው ይባላል። ከዚያ በየወደቡ ያለ ታንኳ ነጂ ሁሉ ደንቡ ሰው ገደለ ብሎ ይነሣል። ታዊያ ዝቷል፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል። የላይኞቹም ሪፖርቴን ተቀብለዋል።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ባለቤቴ እዚያ ክፍል ውስጥ እየሞተች ነው፣ አምፖፎ። እንድትተኛ ብቻ ነበር የፈለግሁት።"

ኤፉዋ አምፖፎን እጅጌውን ሳበችው። "ምን አለ?"

"ወደ ቤትሽ ሂጂ አለ።"

"መች ሊያስረኝ ነው?"

አምፖፎ በሩን ከፈተላት።

*

የቀረው አንድ መንገድ ነበር። ከኩሬው ማዶ ተመልሶ ሽማግሌውን ለመናቸው። በዚህ ጊዜ ከበሮው ላይ አልተቀመጡም ነበር። ሲሰሙት ቆይተው ተነሡ፤ ዱላቸውን ያዙ፤ መንደሩን ጠሩ። በማግስቱ ወንድ ሴቱ ኩሬውን ዞረው ኮሚሽነሩ ደጅ ቆሙ።

"ከበሮ መትተናል፣ ጨፍረናል፣ ዘፍነናል" አሉ ሽማግሌው። "መቺው ኮቢና ነበር። እስኪነጋ ከመሐላችን አልወጣም።"

ፔልሃም ጸሐፊውን ጠርቶ ሁሉንም መዘገበ። ከዚያ ያለ ፈቃድ ከበሮ በማስመታት እያንዳንዳቸው መንገድ እንዲቆፍሩ ፈረደባቸው። የኮቢናን ነገር ግን ዘመድ ለዘመዱ የሚዋሸው ነው ብሎ አልተቀበለውም። ደንብ መጣሳቸውን አምኖ ምስክርነታቸውን ጣለው።

"ልጄ፣ አካፋው የት ነው?" አሉ ሽማግሌው ወደ አምፖፎ ዞረው። ሌላ ምንም አላሉትም።

አምፖፎ ወደ ዋናው ከተማ በስሙ ጻፈ። መልስ መጣለት፤ ከአለቃው በላይ መጻፉ እንደ ጥፋት ተቆጥሮ የማዕረግ ዕድገቱ እንደታገደበት የሚገልጽ ነበር።

*

የእስረኛው መኪና የመጣው በቀትር ነው። ኮቢናን ሲያስወጡት ፊቱ ከስቷል፤ አፉ ግን ያው ነው።

"ሴትየዋ ናት አሉኝ" አለ አምፖፎን። "እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ተናግረሃል?"

"ተናግሬአለሁ። ራሷም ተናግራለች።"

"ታዲያ?"

"አልተቀበሉም።"

ኮቢና ቆመ። ዘበኞቹ ጎተቱት፤ አልተነቃነቀም።

"አዝንላታለሁ" አለ። "ልጆቿን ከበሮ ያስተማርኩ እኔ ነኝ። ግን እኔ ቅዱስ አይደለሁም፣ ኢንስፔክተር። ለማንም ልሞት አልፈልግም። መኖር ነው የምፈልገው። ሂድና ደግመህ በለው።"

"ኮቢና…"

"ደግመህ በለው!" ብሎ ጮኸ፣ መኪናው ላይ ሲጭኑት። "አስር ጊዜ በለው! ጆሮ የላቸውም እንዴ? ደግመህ በለው!"

አምፖፎ ወደ ኮረብታው ወጥቶ ደግሞ አለው። በነጋታውም ደግሞ አለው። በሦስተኛው ቀን በረኛው ኮሚሽነሩ የለም አለው፤ መስኮቱ ግን ክፍት ነበር፤ ጥላውም ይታይ ነበር።

ክረምቱ ሳይወጣ ኮቢና ታዊያ በዋናው ከተማ ተሰቀለ። ኤፉዋ በየማለዳው እየመጣች ጣቢያው ደጅ ትቀመጥ ነበር፤ በካቴና ታስሮ የገባ ሌባ ባየች ቁጥር ትነሣለች፤ ከዚያ መልሳ ትቀመጣለች። ያ ወሬ ከመጣ በኋላ ግን አልመጣችም። አጆዋ ምግብ ወስዳላት ነበር፤ ሳትነካው ተመለሰ።

አንድ ቀን የኮቢና እናት መጣች። በቅርጫቷ የልጇ ልብስ ነበር፤ በፖስታ የተላከላት። አምፖፎ ወንበር ስቦ ሰጣት። አልተቀመጠችም።

"እሱ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር፣ እናቴ።"

"ማን እንደሆነችም?"

"አውቅ ነበር።"

"ለማን ተናገርክ?"

"የሚሰማኝ ይኖራል ላልኩት ሁሉ።"

ሴትየዋ አየችው። ያየችው የደንብ ልብሱን ነው፤ ቁልፎቹን፣ ቀበቶውን፣ ቆቡን፣ አንድ በአንድ።

"ታዲያ" አለች፣ ያለ ቁጣ፣ እንደሚጠይቅ ሰው፣ "አንተ የምን ፖሊስ ነህ?"

አምፖፎ ቅርጫቱን ከእጇ ተቀበላት። አልከለከለችውም። በገበያው መሐል፣ ሰው እያየ፣ ከኋላዋ ተከትሎ እስከ ደጇ ተሸከመላት። ደጇ ላይ ተቀብላው ገባች፤ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው።